የሸማ አጣፋፍና የማዕርግ ምልክትነቱ

ሸማ ቁልፍም እጅጌም የሌለው፣ በእጅ የተሸመነ ባለ አራት ማዕዘን የጥጥ ልብስ ነው። ነጠላ፣ ኩታና ጋቢ በድርባቸውና በክብደታቸው ይለያያሉ እንጂ ቅርጻቸው አንድ ነው። ስለዚህ የለባሹን ደረጃና አሳብ ከልብሱ ይልቅ አለባበሱ ሲገልጽ ኖሯል።

ከጥንቱ ማስረጃ የፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ቃል ይበልጥብናል። ይህ ፖርቱጋላዊ ቄስ በ1520 (እ.ኤ.አ.) በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመነ መንግሥት መጥቶ ስድስት ዓመት ያህል ተቀምጧል። እርሱ እንደ ጻፈው፣ መኳንንት የንጉሡን መልእክት የሚሰሙት ቆመው፣ ከወገባቸው በላይ ተራቁተው ነበር። ንጉሡ ደስ የተሰኘበት እንደ ሆነ ሰሚው ወዲያው ይለብሳል፤ የተቈጣው እንደ ሆነ ግን እንደ ተራቈተ ይቀራል። እንግዲህ በሩቅ የቆመ ሰው ቃሉን ባይሰማም እንኳ ፍርዱን ከመኰንኑ ትከሻ ያነበው ነበር ማለት ነው።

ማደግደግ የዚህ ልማድ ታናሽ ወንድም ይመስለናል። አሽከር በጌታው ፊት ሲቆም ሸማውን ከትከሻው አውርዶ በደረቱ ወይም በወገቡ ላይ ያስራል፤ እጁ ለሥራ ነጻ ይሆናል፣ ትከሻውም ለአክብሮት ይገለጣል። ጌታው በአንጻሩ እስከ አፍንጫው ተሸፋፍኖ ሊቀመጥ ይችላል። ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም ሰው ግን ባለ ማዕርግ ቢሆንም ሁለቱን ጫፍ በትከሻው ላይ አመሳቅሎ መስቀለኛ ያጣፋል። ለቅሶ የምትደርስ ሴት ደግሞ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ጥለቱን ወደ ላይ ታደርገዋለች።

ሳይመን ሜሲንግ በ1960 (እ.ኤ.አ.) «አንትሮፖስ» በተባለው መጽሔት ስለዚሁ ነገር ባወጣው አጭር ጽሑፍ ሸማን «ቶጋ» ብሎታል። ጽሑፉ የሚመሰገን ነው፤ ንጽጽሩን ግን አንቀበለውም። የሮማ ቶጋ በግማሽ ክብ የተቈረጠ፣ ለሮማ ዜጋ ብቻ የተወሰነ ልብስ ነበር። ሸማን ጌታም አሽከርም ይለብሰዋል። (ባለ ቀይ ጥለቱ ጃኖ ለመኳንንት ይለይ እንደ ነበር አንዘነጋም።) የልዩነቱ ሸክም በአጣፋፉ ላይ የወደቀውም ስለዚህ ነው።

ቤተ መዘክር ሸማን የሚያኖረው አጥፎ ነው፤ አጣጥፎ በተቀመጠ ጨርቅ ላይ ደግሞ ከዚህ ሁሉ አንዱም አይታይም። መስቀለኛውና ዝቅዝቁ ዛሬም በየደብሩና በየለቅሶው ቤት ይታያሉ። የቤተ መንግሥቱ ሥርዐት በ1967 ዓ.ም. ከዘውዱ ጋራ አልፏል፤ «ማደግደግ» የሚለው ቃልም ሸማ ላልለበሰው ለኮትና ሱሪ ለባሹ ደጅ ጠኚ ጭምር ይነገራል።