ከባሮ ዳር እስከ ሴንት አንድሩስ

ስሙኝማ! ወሬዬ የሚነሣው ከባሮ ዳር ነው፤ የሚያርፈው ግን ስኮትላንድ፣ ባሕር ዳር። ነገሩ ጎልፍ ነው። ጋምቤላና ጎልፍ ምን አገናኛቸው ትሉኝ ይሆናል፤ ታገሡኝ።

ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ዳግማዊ ምኒልክና የእንግሊዙ መልእክተኛ ጆን ሌን ሃሪንግተን ውል ተፈራረሙ። ዋናው ጉዳይ የሱዳን ድንበር ነበር፤ አንዱ አንቀጽ ግን የኛ ነገር ነው። ኢታንግ አካባቢ፣ ባሮ ዳር፣ ለንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት ለሱዳን መንግሥት ይከራይ አለ። አለና ገመድ ጣለበት፦ የወንዝ ዳርቻው ከ2000 ሜትር፣ ስፋቱ ከ400 ሄክታር አይለፍ! ጣቢያው በመጨረሻ ጋምቤላ ላይ ተተከለ። ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ መርከቡ ከካርቱም ይመጣል፤ የደጋውን ቡና ጭኖ ይመለሳል። ውኃው ሲጎድል የመርከቡም ነገር ያበቃል። መሬቱ እ.ኤ.አ. በ1956 ለኢትዮጵያ እስኪመለስ ድረስ ንግዱ በዚያ ልክ ሲሠራ ኖረ።

አሁን ወደ ጎልፉ። በዚያው ግንቦት፣ ውሉ ከተፈረመ ሦስት ሳምንት ቢሆነው ነው፣ እንግሊዝ አገር ሆይሌክ በሚባል ባሕር ዳር ታላቁ የኦፕን ውድድር ተካሄደ። ሳንዲ ኸርድ የሚባል ስኮትላንዳዊ አዲስ ኳስ ይዞ መጣ፤ ሃስኬል ትባላለች። የቀድሞዋ ኳስ ጉታፐርቻ ከሚባል የዛፍ ሙጫ የተሠራች ድፍን ነበረች። ይቺኛዋ ውስጧ የተለጠጠ የጎማ ክር ተጠምጥሞባት ስትመታ ተስፈንጥራ ትርቃለች። ትልልቆቹ ተጫዋቾች ናቋት። ኸርድ ራሱ ቀድሞ ይጠራጠራት ነበር፤ ልምምድ ላይ ሲሞክራት ግን ልቡን ሰጣት። አራቱን ዙር ሁሉ በአንዲት ኳስ ተጫወተ፤ ወደ መጨረሻው ቅርፊቷ ተቀዶ የጎማው ክር ወጥቶ ይታይ ነበር ይባላል። ግን በአንድ ምት ብልጫ አሸነፈ! ከዚያ በኋላ ጉታፐርቻን ማን ያንሣት?

መዘዙ የመጣው ከዚህ ነው። ሊንክስ የሚባሉት ጥንታዊ ሜዳዎች በባሕሩና በእርሻው መካከል ባለ አሸዋማ መሬት ላይ የተዘረጉ፣ በነፋስና በጉድጓድ የሚፈትኑ ናቸው። ኳሷ በራቀች ቁጥር አጭር ይባሉ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1980 በአሜሪካ የባለሙያዎች ውድድር የመጀመሪያው ምት በአማካይ 235 ሜትር ገደማ ይሄድ ነበር፤ ዛሬ ወደ 274 ሜትር ተጠግቷል። ኳሷም ዱላውም ተጫዋቹም በርትተዋል። የሜዳ ባለቤቶች መልስ ደግሞ አንድ ነው፤ መነሻውን ወደ ኋላ መግፋት። አጥቂዎች በረቱ ተብሎ ጎሉ ወደ ኋላ ሲገፋ ያየ ሰው አለ?

የስኮትላንዱን የሴንት አንድሩስ ሜዳ 17ኛ ቀዳዳ ተመልከቱ። ለእ.ኤ.አ. 2010 ውድድር ከ455 ያርድ ወደ 495 ያርድ አረዘሙት፤ ማለትም ከ416 ሜትር ወደ 453 ሜትር። አዲሱን መነሻ ያስቀመጡት የት ነው? ኳስ ቢወድቅበት ቅጣት ከሚያስከትል፣ ከሜዳው ክልል ውጭ ከሆነ መሬት ላይ! በ2022 ጠቅላላው ርዝመት 7,313 ያርድ፣ ማለትም 6,687 ሜትር ደረሰ። ይህን በሐሳብ ባሮ ዳር ዘርጉት፤ የውሉን 2000 ሜትር ከሦስት ጊዜ በላይ ያጥፋል። ይህ ሁሉ ተደርጎም በዚያው ዓመት ካሜሮን ስሚዝ ከመመዘኛው 20 ምት ዝቅ ብሎ ጨርሶ ዋንጫውን ወሰደ።

አራዛሚዎቹ ግን ሞኞች አይደሉም። የድሮ ሰዎች የሚፈሩት ጉድጓድ ዛሬ በአየር ላይ ከታለፈ ፈተናው ጠፋ ይላሉ፤ እውነት አላቸው። የፕሬስትዊክ ሜዳንም ዕጣ ይፈራሉ። የመጀመሪያው ኦፕን እ.ኤ.አ. በ1860 የተካሄደው እዚያ ነው፤ 12 ቀዳዳ፣ 8 ተጫዋች። በ1925 ማክዶናልድ ስሚዝ የሚባል የስኮትላንድ ልጅ ወደ መጨረሻው ዙር በ5 ምት እየመራ ገባ። ያገሩ ሰው ደስ ብሎት ሜዳውን አጥለቀለቀው፤ የሚጫወትበት መተላለፊያ እስኪያጣ ከበበው። ስሚዝ 82 ምት መታና ዋንጫውን ጂም ባርንስ ወሰደው። ኦፕን ከዚያ ወዲህ ፕሬስትዊክን አልረገጠም። ልብ በሉ፣ ያን ቀን ያስቸገረው የቀዳዳው ማጠር ሳይሆን የሕዝቡ ብዛት ነበር።

እኔ ዳኛ ብሆን ፍርዴ ቀላል ነው፦ አይረዝምም። ያደገችው ኳሷ ናት፤ የምትገታውም እሷ ናት። የጨዋታው ሁለት ሕግ አውጪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 የኳሷን ርቀት የሚቀንስ መመዘኛ አውጥተዋል፤ ዘገዩ እንጂ አልተሳሳቱም። ሴንት አንድሩስ ግን አልጠበቀችም። በ2027 ኦፕን ወደ እሷ ሲመለስ የሜዳው ርዝመት 7,445 ያርድ እንዲሆን ተወስኗል።