ብረት የሚቈርጥ ውሃ

ውሃን በጠባብ ቀዳዳ አስጨንቆ ጽኑውን ነገር የማስቈረጥ ጥበብ የቅርብ ዘመን ሥራ ቢመስልም፥ ውሃው ታላቅ ኀይሉን አስቀድሞ ያሳየው በካሊፎርኒያ የወርቅ ኰረብታዎች ላይ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1853 ኤድዋርድ ማቲሰን የተባለ ወርቅ ፈላጊ፥ በኔቫዳ ሲቲ አቅራቢያ ከከፍታ የወረደ ውሃ በቱቦ ጫፍ እየተወነጨፈ ኰረብታውን እንዲንድ አደረገ። ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት ያህል ተራራው ሁሉ እየተናደ ጭቃው ወንዞችን ሞላ፤ ወንዞቹም በሳክራሜንቶ ሸለቆ በገበሬው ማሳ ላይ ፈሰሱ፤ በመጨረሻም በ1884 ዳኛው ሎሬንዞ ሶየር ፍርስራሹን ወደ ወንዝ መድፋት የሚከለክለውን ፍርድ ሰጡ።

ይህን ማስቀደሜ ያለ ምክንያት አይደለም፤ የኋለኞቹ ሊቃውንት የደከሙት ለውሃ ኀይል ለመጨመር ብቻ ሳይሆን፥ ይልቁንም ለኀይሉ ወሰንና ልክ ለማበጀት ነውና።

በ1950ዎቹ የደን ምሕንድስና ሊቅ የነበሩት ኖርማን ፍራንዝ ትልልቅ ግንዶችን ያለ መጋዝ የሚሰነጥቁበትን ዘዴ ሲሹ፥ ከባድ ሸክም በውሃ ዐምድ ላይ እየጣሉ ውሃው በጠባብ ቀዳዳ እንዲፈተለክ አደረጉ፤ እንጨቱም ተቈረጠ፤ ነገር ግን ግፊቱ ለቅጽበት እንጂ ሳያቋርጥ የሚዘልቅ አልነበረም። ይህን ጕድለት የሞላው ግፊት አባዢው ፓምፕ ነው፤ በእርሱም ውስጥ ዘይት ሰፊውን ፒስተን ሲገፋ፥ ፒስተኑ ስፋቱ ሃያ እጅ ያህል ያነሰውን ዘንግ በውሃው ላይ ስለሚጭን፥ ውሃው ከዘይቱ ሃያ እጥፍ ተጨንቆ እስከ 4000 ባር ይደርሳል። ከዚያም በሰንፔር ወይም በአልማዝ በተበሳች፥ ከሚሊሜትር ሲሶ እምብዛም በማትበልጥ ቀዳዳ ሲወጣ፥ ፍጥነቱ ከድምፅ ፍጥነት ሁለት እጥፍ ይበልጣል።

ሆኖም ንጹሕ ውሃ ወረቀትን፥ ጨርቅን፥ ኬክን ይቈርጣል እንጂ ብረትን ድል አይነሣም። ይህን በር የከፈቱት በእስክንድርያ የተማሩት ግብፃዊው መሐንዲስ መሐመድ ሐሺሽ ናቸው፤ በ1979 በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ወደሚገኘው ፍሎው ኩባንያ ገብተው፥ ጋርኔት የተባለውን ጠንካራ ቀይ ማዕድን እንደ አሸዋ አድቅቀው ከውሃው ጋር አዋሐዱት። ውሃው በሩጫው ብቻ አሸዋውን ወደ ራሱ ይስባል፤ ቈራጩም ከዚያ ወዲያ አሸዋው ነው፥ ውሃው ግን ተሸካሚ። ይህ የግብር መለዋወጥ ከጥበቡ ሁሉ የሚደንቀኝ ነው።

መሣሪያው ትዕግሥት ይሻል፤ ሠራተኛው ከቸኰለ፥ የውሃው ጅራት ከራሱ ወደ ኋላ ስለሚቀር የቍራጩ የታችኛው ጠርዝ በማዕበል መልክ ይሸረካከታል፤ መስተዋት ሲበሳም ግፊቱ አስቀድሞ ካልተቀነሰ ይሰነጠቃል። የላቀ ጥቅሙ ሙቀት የማያሳድር መሆኑ ነው፤ እሳት የብረቱን ጠርዝ አቃጥሎ ባሕርዩን ሲለውጠው፥ ውሃ ቲታኒየሙንም ለአውሮፕላን ክንፍ የሚሆነውንም የካርቦን ድርብርብ እንደ ነበረ ይተወዋል። ስለዚሁም ጠባዩ፥ ከጦርነት የተረፉ ፈንጂዎችን ቀፎ እየሰነጠቁ በውስጣቸው ያለውን ባሩድ ለማውጣት፥ ሠራተኞቹ ርቀው ቆመው በሚያዙት በዚህ ውሃ ይሠራሉ።