አልጋና ዙፋን

አንድ ቀን ከዱከም ተነሥቼ አዲስ አበባ የገባሁት ለሌላ ጉዳይ ነበር። ጉዳዬ ቶሎ ስላለቀ ግን የቀረውን ሰዓት ሁለት የቤት ዕቃዎችን በማየት አሳለፍኩት። አንዱ በአምስት ኪሎው ብሔራዊ ሙዚየም ያለው፣ ከእንጨት የተቀረጸው የአፄ ኃይለ ሥላሴ ግዙፍ ዙፋን ነው። ሁለተኛው በስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ያቆየው የንጉሠ ነገሥቱ አልጋ ነው።

በቋንቋችን አልጋ መኝታ ብቻ ሳይሆን መንግሥትም ነው። ንጉሡን የሚተካው ልጅ «አልጋ ወራሽ» ይባል ነበር። ዛሬ በአልጋው ፋንታ «ወንበር» እንላለን፤ የምንጋደልበት ነገር ግን አልተለወጠም።

አልጋው ያለበት ቤት ብዙ ደም አይቷል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት በዚሁ ግቢ ነበር፤ ፋሽስቶችም በበቀል የከተማውን ሕዝብ ሦስት ቀን ሙሉ ፈጁት። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ደግሞ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚልን ሲጎበኙ፣ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። አዋጁን በሬዲዮ ያነበቡት አልጋ ወራሹ ነበሩ። ሙከራው ሲከሽፍ በቤተ መንግሥቱ አረንጓዴ ሳሎን የታገቱት መኳንንትና ሹማምንት በጥይት ተደበደቡ፤ ራስ አበበ አረጋይና ራስ ሥዩም መንገሻ ከሟቾቹ መካከል ነበሩ።

በ1954 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ቤቱን ለዩኒቨርሲቲው ሰጡ። ቸርነት ነበር ወይስ ከደም መሸሽ? ሁለቱንም ይመስለኛል። የሆነ ሆኖ በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ወጡ። አሥር ዓመት ሳይሞላ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ደርግ ንጉሡን ከዙፋን አወረደ።

እኔን ያስጨነቀኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። አልጋቸው በሙዚየም በክብር ሲቀመጥ፣ የእርሳቸው አስከሬን በታላቁ ቤተ መንግሥት ወለል ሥር ተደብቆ ነበር። አፅማቸው የወጣው በ1984 ዓ.ም. ነው፤ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ያረፈው ደግሞ በጥቅምት 1993 ዓ.ም.። ለእንጨቱ ያልነፈግነውን ማረፊያ ለባለቤቱ ሩብ ምዕተ ዓመት ነፈግነው።

ንጉሡን መውደድም መጥላትም ይቻላል፤ ስለ መሬቱና ስለ ወሎ ረሃብ የሚጠየቁበት ብዙ ነው። ነገር ግን ጠይቆ መፍረድ ሌላ፣ በጨለማ ገድሎ መደበቅ ሌላ ነው። የሥልጣን ዕቃ ለማቆየት ሙዚየም ይበቃል። ከሥልጣን የወረደን ሰው በሕይወት ለማቆየት ግን ሕግ ያስፈልጋል፤ ከወንበሩ የተነሣ ሰው በእግሩ ወደ ቤቱ የሚሄድበት አገር እስኪኖረን ድረስ፣ ያ አልጋ ለእኔ ቅርስ ብቻ ሳይሆን ክስም ነው።