ቀረጥ ያስቀረው ቫን

ዛሬ በአሜሪካ ከተሞች ዕቃ ከደጅ ደጅ የሚያደርሱት ቫኖች አብዛኞቹ ተመሳሳይ ቁመና አላቸው፤ ኮፈናቸው አጭር፣ ጎናቸው ቀጥ ያለ፣ ጣሪያቸው ሰው ሳያጎነብስ የሚቆምበት ያህል ከፍ ያለ ነው። ይህ ቁመና የተወለደው አውሮፓ ውስጥ ነው። ፎርድ ትራንዚት በ1965 በእንግሊዝ፣ መርሰዲስ ስፕሪንተር በ1995 በጀርመን ገበያ ላይ ዋሉ፤ ራም ፕሮማስተር የሚባለው ደግሞ ከ1981 ጀምሮ ሲሠራ የቆየው የጣሊያኑ ፊያት ዱካቶ ነው (እዚህ የማነሣቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከሦስቱ ይበልጥ የሚያስገርመው የትራንዚት ታሪክ ነው። የአሜሪካ ኩባንያ ስም ተሸክሞ አውሮፓን ያዳረሰው መኪና በስሙ ባለቤት አገር መሸጥ የጀመረው በ2014፣ ከ49 ዓመት በኋላ ነው። ለዚህ መዘግየት የሚሰጠው የተለመደ ምክንያት የአሜሪካ ገዢ ምርጫ ነው፤ መንገዱ ሰፊ፣ ቤንዚኑ ርካሽ፣ ፍላጎቱም ትልቅ ሞተር ነው ይባላል። በእኔ እምነት ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የገዢው ምርጫ የሚባለውን በብዛት የሠራው ቀረጥ ነው።

ቀረጡ የመጣው ከመኪና ጋር ምንም ዝምድና በሌለው ጠብ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአሜሪካ ዶሮ እርባታ እንደ ፋብሪካ ተደራጅቶ የሥጋው ዋጋ ወረደ፤ የቀዘቀዘው ርካሽ ዶሮም ምዕራብ ጀርመንን አጥለቀለቀ። የአውሮፓ ገበሬዎች አቤት አሉ፤ በ1962 የአውሮፓ የጋራ ገበያ ከውጭ በሚገባ ዶሮ ላይ ክፍያውን ከፍ አደረገ። ዶሮ አርቢዎች የሚበዙባት የአርካንሳው ሴናተር ዊሊያም ፉልብራይት አቤቱታውን ስለ ኔቶና ስለ ኑክሌር መሣሪያ በሚመከርበት መድረክ ላይ ሳይቀር አነሣ። የዓለም አቀፉ የንግድና ቀረጥ ስምምነት ገላጋዮች የአሜሪካን ጉዳት 26 ሚሊዮን ዶላር ብለው ገመቱት። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ሥልጣን ከያዙ ሁለት ሳምንት ሳይሞላቸው፣ ዲሴምበር 4 ቀን 1963፣ የአጸፋውን አዋጅ ፈረሙ። በድንች ስታርች፣ በዴክስትሪን፣ በብራንዲና በቀላል የጭነት መኪናዎች ላይ ቀረጥ ተጣለ፤ የመኪናዎቹ 25 በመቶ ሆነ።

የጭነት መኪና ከዶሮ ጋር በአንድ መዝገብ የገባው በአጋጣሚ አይደለም። ከ1950 ጀምሮ የሚሠራው የቮልስዋገን ቫን ሞተሩን ከኋላ አድርጎ ጋቢናውን እስከ ፊተኛው ጫፍ የገፋ፣ ለቁመቱ ብዙ የሚጭን፣ ነዳጅ የሚቆጥብ መኪና ነበር። አሜሪካውያን አናጢዎች፣ አበባ ሻጮችና የቧንቧ ሠራተኞች ወደውታል። የዲትሮይት የመኪና ኢንዱስትሪ ይህን አይቶ ስለነበር ፎርድ ኢኮኖላይንን፣ ሸቭሮሌትም ኮርቬር በተባለው መኪናው ላይ የተመሠረተ ቫን ለ1961 ሞዴል አወጡ። የአሜሪካ ገዢ እንዲህ ዓይነቱን መኪና የማይፈልግ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ታላላቅ ኩባንያዎች ባልተከተሉት ነበር። የመኪና ሠራተኞች ማኅበር መሪው ዋልተር ሮይተርም የቮልስዋገንን ገበያ በሥጋት ይመለከቱት ነበር። አዋጁ ሥራውን ሠራ፤ በ1964 ከምዕራብ ጀርመን የገባው የጭነት መኪና ዋጋ 5.7 ሚሊዮን ዶላር፣ የቀደመው ዓመት ሢሶ ያህል ብቻ ሆነ።

እዚህ ላይ ቮልስዋገን በራሱ ድክመት ይወጣ ነበር የሚል ሙግት ሊነሣ ይችላል፤ የደኅንነት ደንብ እየጠበቀ፣ የጀርመኑ ገንዘብ የማርክ ምንዛሪም ከ1970ዎቹ ወዲህ እየወጣ ሄዷልና። ይህን የሚፈትን ማስረጃ ግን አለ። ያው መኪና መስኮትና ወንበር ሲገጠምለት የሰው ማመላለሻ ተብሎ በዝቅተኛው ቀረጥ ይገባ ስለነበር፣ ተከታዮቹን ትውልዶች ጨምሮ እስከ 2003 ድረስ አሜሪካ ውስጥ ተሽጧል። አካሉ አንድ ነው፤ ደንቡና ምንዛሪውም በሁለቱም ላይ ይሠራ ነበር። የተለየው በጉምሩክ የተጠራበት ስም ነው፤ ከገበያ የጠፋውም በዚያ ስም የተቀጣው የዕቃው ቫን ነው። የጃፓን ፒክአፖች ገብተው የለም ወይ የሚል ቢኖር፣ እነሱም የገቡት በበሩ አይደለም። የኋላው ሳጥን ሳይገጠምለት ጋቢናና ሻንሲው ብቻ ሲመጣ የሚከፈለው 4 በመቶ ነበር፤ በ1980 ይህ ቀዳዳ ሲደፈን ኩባንያዎቹ አሜሪካ ውስጥ ወደ መሥራት ዞሩ።

አውሮፓውያኑ የተመለሱበት መንገድ የቀረጡን ክብደት ከማንኛውም ቁጥር በላይ ያሳያል። ስፕሪንተር በ2001 ሲመጣ ዱሰልዶርፍ ላይ ሙሉ መኪና ሆኖ ይሠራል፤ ከዚያ ሞተሩና ሌሎች ክፍሎቹ ይፈታሉ፤ ለየብቻ በመርከብ ተጭነው ሳውዝ ካሮላይና ላይ እንደገና ይገጠማሉ። አንድን የተጠናቀቀ መኪና ፈትቶ መግጠም ድካምም ወጪም ነው፤ ሆኖም 25 በመቶ ከመክፈል ይሻል ነበር። ፎርድም ከ2009 ጀምሮ ትንሹን ትራንዚት ኮኔክት ከቱርክ ያስገባው የኋላ ወንበርና መስኮት ገጥሞለት፣ የሰው ማመላለሻውን 2.5 በመቶ እየከፈለ ነበር። ባልቲሞር ሲደርስ ወንበሩ ይነቀላል፣ መስኮቱም በብረት ይተካል። ጉምሩክ ይህን አልተቀበለም፤ ክርክሩ ከፍርድ ቤት ፍርድ ቤት ተጉዞ በ2019 ይግባኝ ሰሚው በፎርድ ላይ ፈረደ፤ በ2024 ኩባንያው 365 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ገና ማንም ያልተቀመጠባቸው ወንበሮች ተነቅለው ለመፍጫ መዳረጋቸው ያሳዝናል። ያ ሁሉ ብረት፣ ስፖንጅና የሰው ጉልበት የተሠራው ለአንድ የጉምሩክ ቅጽ ነበር።

ፋብሪካው ራሱ ድንበሩን ሲሻገር ግን ነገሩ ተለወጠ። ፕሮማስተር ከ2013 ጀምሮ በሰሜን አሜሪካ የነፃ ንግድ ውል ጥላ ሥር ሜክሲኮ ሳልቲዮ ላይ፣ ትራንዚት ካንሳስ ሲቲ አጠገብ ተሠሩ፤ መርሰዲስም 500 ሚሊዮን ዶላር አፍስሶ በ2018 ሳውዝ ካሮላይና ላይ ሙሉ ፋብሪካ ከፈተ። በዚያው ዓመት አማዞን 20,000 ስፕሪንተር አዘዘ። ኢኮኖላይን፣ ያ የቮልስዋገን ተፎካካሪ ሆኖ የተነሣው፣ የቫንነት ቦታውን ለትራንዚት ለቀቀ። ግማሽ ምዕተ ዓመት የቆየ ምርጫ በጥቂት ዓመት ውስጥ እንዲህ ከተገለበጠ፣ ምርጫ ሳይሆን አማራጭ ማጣት ነበር ማለት ነው።

ሆኖም ሁሉንም በቀረጥ ላይ መጫን አይገባም። የአሜሪካ ገዢ የአውሮፓን ቅርጽ ሲቀበል ሞተሩን አልተቀበለም፤ ፕሮማስተር የናፍጣ ሞተሩን ቶሎ ትቶ በቤንዚን ቪ6 ቀጠለ፣ ትራንዚትም ዛሬ እዚያ የሚሸጠው በቤንዚንና በኤሌክትሪክ ነው። ከሁሉም በላይ የእኔን ሐሳብ የሚፈትነው የትናንሾቹ ቫኖች ዕጣ ነው። የፊያት ዶብሎ ዝርያ የነበረው ፕሮማስተር ሲቲ በ2022፣ ትራንዚት ኮኔክትና መርሰዲስ ሜትሪስ በ2023 ከአሜሪካ ገበያ ወጡ። ከሦስቱ አንዱም ሙሉ በሙሉ እዚያው አልተሠራም፤ በዚህ በኩል ቀረጡ ተጠያቂ ነው። ነገር ግን ጥቂት ጨምሮ ትልቁን መግዛት የሚችል፣ መኪና ማቆሚያም የማይጠበው ነጋዴ ትንሹን የሚመርጥበት ምክንያት አነስተኛ እንደነበር አምናለሁ። እዚህ ላይ የመንገዱ ስፋትና የነዳጁ ርካሽነት እውነተኛ ክብደት አላቸው።

ስለዚህ የአውሮፓ ቫን በአሜሪካ ያለው ተስፋ ትልቅ ለሆነውና እዚያው ለሚሠራው ነው። ኤሌክትሪኩ ትራንዚት ካንሳስ ሲቲ ላይ፣ ኤሌክትሪኩ ስፕሪንተር ሳውዝ ካሮላይና ላይ መሠራት መጀመራቸው ኩባንያዎቹ ይህን እንደተረዱ ያሳያል። ከውጭ የሚመጣው ግን ዛሬም የ1963ቱ አዋጅ ግንብ ፊት ለፊት ቆሟል። ቮልስዋገን የጥንቱን ቫን ያስታወሰበትን ኤሌክትሪኩን አይዲ ባዝ ሃኖቨር ላይ በሁለት ዓይነት ሠራው፤ አንዱ ባለ ወንበር፣ አንዱ የዕቃ። በ2024 አሜሪካ የደረሰው ባለ ወንበሩ ብቻ ነው።