ገንዳው፣ ቧንቧውና ወለሉ

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ዲሴምበር 28 ቀን 1917፣ ኢቭኒንግ ሜይል በተባለው የኒው ዮርክ ጋዜጣ ላይ ኤች. ኤል. ሜንከን የተባለ አሜሪካዊ ጸሐፊ ስለ ገላ መታጠቢያ ገንዳ ታሪክ አንድ ጽሑፍ አወጣ። ጽሑፉ እንደሚለው የአሜሪካ የመጀመሪያው ገንዳ በ1842 በሲንሲናቲ ከተማ በአንድ ባለጸጋ ቤት ተተከለ። ከማሆጋኒ እንጨት ተሠርቶ ውስጡ በእርሳስ የተለበጠ ሲሆን፣ ክብደቱም 1,750 ፓውንድ፣ ይኸውም ወደ 800 ኪሎ ግራም ነበር። ሐኪሞች ለጤና አደገኛ ነው ሲሉ ተቃወሙት፤ በ1851 ግን ፕሬዚዳንት ፊልሞር በዋይት ሐውስ ስላስተከለው ተቀባይነት አገኘ። ይህ ሁሉ ፈጠራ ነበር። ሜንከን ራሱ በ1926 ለቀልድ የጻፈው መሆኑን ቢገልጽም፣ ታሪኩ እንደ እውነት እየተጠቀሰ ለብዙ ዓመታት ኖሯል።

ከዚህ ጽሑፍ ሰው ይዞት የቀረው የፕሬዚዳንቱ ነገር ነው። 800 ኪሎ ግራም የሚመዝን ዕቃ፣ ገና ውሃ ሳይገባበት፣ በምን ዓይነት ወለል ላይ ሊቆም እንደቻለ መጠየቅ ግን የተለመደ አልሆነም። የገንዳው እውነተኛ ታሪክ የሚገኘው ከዚህ ጥያቄ ውስጥ ነው። ገንዳው ከክፍሉ መካከል ወደ ግድግዳ፣ ከግድግዳም ተመልሶ ወደ መካከል የተዘዋወረው በሰዎች ምርጫ ብቻ ሳይሆን ቧንቧውና ወለሉ በፈቀዱለት መጠን ነው።

ገንዳ በራሱ ጥንታዊ ዕቃ ነው። አርተር ኢቫንስ ከ1900 ጀምሮ በቀርጤስ ደሴት ክኖሶስ ላይ ባካሄደው ቁፋሮ ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው የሸክላ ገንዳ ተገኝቷል። ይሁን እንጂ እስከ 19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ድረስ በአብዛኛው የአውሮፓ ቤት ገንዳ ማለት ከቆርቆሮ ወይም ከመዳብ የተሠራ ተንቀሳቃሽ ዕቃ ነበር። በመኝታ ክፍል ከምድጃው ፊት ይቀመጣል፤ አሽከሮች ከማድ ቤት የፈላ ውሃ በባልዲ ያመላልሳሉ፤ ከታጠቡም በኋላ ያንኑ ውሃ በባልዲ ቀድተው ያወጣሉ። ሁለት መቶ ሊትር ለመሙላት አሥር ሊትር የሚይዝ ባልዲ ሃያ ጊዜ ይመላለሳል፤ ለማውጣትም እንዲሁ። እንግዲህ ያ ገንዳ ከግድግዳ ርቆ የቆመው ለውበት ሳይሆን ከቦታ የሚያስረው ቧንቧ ስላልነበረው ነው።

ያሠሩትም ነገሮች አንድ በአንድ መጡ። በ1775 አሌግዛንደር ከሚንግ የተባለው ሰዓት ሠሪ፣ ውሃ በጉልበቱ ይዞ የፍሳሽ ሽታ ወደ ቤት እንዳይመለስ የሚከለክለውን ጠማማ ቧንቧ በለንደን በፓተንት አስመዘገበ። ዛሬ ሲፎን የሚባለው መሣሪያ ከዚሁ የመነጨ ነው። በ1858 የበጋ ወራት የቴምዝ ወንዝ ሽታ ለንደንን ካስጨነቀ በኋላ መሐንዲሱ ጆሴፍ ባዛልጌት ታላቁን የፍሳሽ መስመር ዘረጋ። በ1868 ቤንጃሚን ሞን በጋዝ ውሃ የሚያሞቅ መሣሪያ ሠራ፤ መሣሪያው የጭስ መውጫ ስላልነበረው አደገኛ ነበር። በ1889 ደግሞ ኤድዊን ሩድ በአሜሪካ ራሱን በራሱ የሚቆጣጠር የውሃ ማሞቂያ አቀረበ። ውሃው በቧንቧ ሲገባና በቧንቧ ሲወጣ ገንዳው ከቦታው የማይነሣ ሆነ፤ ለብቻውም ክፍል አገኘ።

በ1883 በዊስኮንሲን ግዛት ጆን ማይክል ኮለር ለከብት ውሃ ማጠጫ የተሠራን የብረት ገንዳ በኢናሜል ለብጦና አራት እግር አስገብቶ ለገላ መታጠቢያ አዋለው ይባላል። በኢናሜል የተለበጠው፣ ቀልጦ በቅርጽ የተፈሰሰው ባለ እግር ገንዳ በዚያ ዘመን ተስፋፋ። እግሩም ጌጥ ብቻ አልነበረም፤ የጤና ጥበቃ ባለሙያዎች ቧንቧን በእንጨት ሣጥን መሸፈን እርጥበትና ቆሻሻ ያከማቻል በማለት ቧንቧው ተገልጦ እንዲታይ ይመክሩ ነበር። ይሁንና ከገንዳው ሥር የሚጠራቀመው አቧራ ሌላ ችግር ሆነ። በ1911 የኮለር ፋብሪካ ከነፊት መሸፈኛው አንድ ወጥ የሆነና ከግድግዳ ጋር የሚገጠም ገንዳ አወጣ። ይህ ዓይነቱ ቦታ ይቆጥባል፤ ለጽዳት ይመቻል፤ ቧንቧውም በግድግዳው ውስጥ ይሸሸጋል። በመሆኑም የተራው ቤት ገንዳ እርሱ ሆነ።

በ20ኛው መቶ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ አክሪሊክ የተባለው ቀላል ፕላስቲክ ከመጣ በኋላ ገንዳው ከግድግዳ ተላቅቆ ወደ ክፍሉ መካከል ተመለሰ፤ ይህን ጊዜ ግን ለውበት ነው። ዛሬ በአዲስ አበባ የሴራሚክና የባኞ ቤት ዕቃ መደብሮች በመስኮት የሚታየው ይኸው ነው። ልዩነቱ፣ የጥንቱ ገንዳ ቧንቧ ስላልነበረው ነጻ ሲሆን፣ የዛሬው ቧንቧ እያለው ነጻ መምሰል የሚፈልግ መሆኑ ነው። የሚሸሽግበት ግድግዳ ስለሌለ ሁሉም ወደ ወለሉ ይወርዳል። በ50 ሚሊ ሜትር ቧንቧ ላይ 2 በመቶ ተዳፋት ቢሰጠው፣ በሦስት ሜትር ርቀት 6 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል፤ ሲፎኑ ሲጨመርበት 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሶሌታ አይበቃውም። እንግዲህ ወለሉ ከፍ ይላል፣ ወይም ቧንቧው በታችኛው ፎቅ ኮርኒስ ውስጥ ይሄዳል። ይህ ኮንክሪት ሳይፈስ ካልተወሰነ በስተቀር የሚመጣው መዶሻና የተቆረጠ ፌሮ ነው።

ክብደቱም መታሰብ አለበት። 250 ሊትር ውሃ፣ 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰውና 150 ኪሎ ግራም የሚመዝን የብረት ገንዳ በአንድነት 470 ኪሎ ግራም ይሆናሉ። ርዝመቱ 1.70፣ ወርዱ 0.75 ሜትር በሆነ ቦታ ላይ ሲያርፍ በካሬ ሜትር ወደ 370 ኪሎ ግራም ይደርሳል፤ ለመኖሪያ ቤት ወለል የተለመደው የአገልግሎት ጭነት ግን ወደ 200 ኪሎ ግራም ነው። ገንዳው 45 ኪሎ ግራም የሚመዝን አክሪሊክ ቢሆን እንኳ ጭነቱ ወደ 290 ይወርዳል እንጂ ከልኩ በታች አይሆንም። ደኅና የተሠራ የኮንክሪት ሶሌታ ይህን በውስን ቦታ ላይ ያረፈ ጭነት ይሸከም ይሆናል፤ ለእንጨት ወለል ግን ሳይመረመር መፍቀድ አይገባም። ባለ እግሩ ገንዳ ደግሞ በእያንዳንዱ እግር ወደ 120 ኪሎ ግራም የሚያሳርፍ በመሆኑ፣ ከሥሩ ባዶ የሆነ ሴራሚክ ይሰነጠቃል።

የመጨረሻው ጥያቄ ውሃው ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ነዋሪዎቿን የሳበው ፍል ውሃ ማሞቂያም ቧንቧም ሳይሻ ከመሬት ይፈልቅ ነበር። የዛሬው ገንዳ ግን የሚሞላው ከቦይለርና ውሃ በፈረቃ በሚደርስባቸው ሰፈሮች ከታንከር ነው። ሰውየው ሲገባ የሚገፋው ውሃ ሲቀነስ 180 ሊትር ያህል ያስፈልጋል። በ65 ዲግሪ የሞቀ 80 ሊትር ቦይለር፣ ከ18 ዲግሪ ቀዝቃዛ ውሃ ጋር ሲቀላቀል፣ በ40 ዲግሪ 170 ሊትር ያህል ይሰጣል፤ 50 ሊትሩ ደግሞ ከ110 አይበልጥም። 500 ሊትር ታንከር ያለው ቤተሰብ በአንድ መታጠብ ከሲሶው በላይ ያጣል።

የቤቱ ባለቤት ገንዳውን በመልኩ መምረጡ መብቱ ነው። መሐንዲሱ የሚጠራው ግን ብዙውን ጊዜ ዕቃው ተገዝቶ፣ ሶሌታው ፈስሶ፣ ሴራሚኩም ተነጥፎ ካበቃ በኋላ ነው። ሊጠየቅ የሚገባው አስቀድሞ ነበር፤ ገንዳውም በቦታው ከተገጠመ በኋላ ወለሉ ከመዘጋቱ በፊት ሞልቶ አንድ ሌሊት ቢያድር፣ ጠዋት ከታች ያለውን ጣሪያ አይቶ ሥራውን ማረጋገጥ ይቻላል።