ኮኮፒት

ኮኮፒት ከኮኮናት ፍሬ የውጭ ልጣጭ የሚገኝ፣ በአፈር ምትክ ተክል ለማብቀል የሚያገለግል ቡናማ ብናኝ ነው። ረጅሙ ቃጫ ለገመድ፣ ለምንጣፍና ለብሩሽ ሥራ ሲወሰድ ብናኙ ተረፈ ምርት ሆኖ ይቀራል። ዋና አቅራቢዎቹ ሕንድና ስሪ ላንካ ናቸው።

ባሕርይ

ኮኮፒት ብዙ ውሃ ይይዛል፤ ለሥርም አየር ያስገባል። ፒኤቹ አብዛኛውን ጊዜ ከ5.5 እስከ 6.8 ነው። በውስጡ ያለው ንጥረ ምግብ ጥቂት ስለሆነ ማዳበሪያ ያስፈልገዋል።

የጨው ችግር

ልጣጩ ብዙ ጊዜ በጨዋማ ውሃ ስለሚዘፈዘፍ ሶዲየም ይኖረዋል፤ ፖታሲየም ደግሞ በተፈጥሮው አለው። በደንብ ያልታጠበው በዋጋ ርካሽ ቢሆንም ቡቃያን ሊያደርቅ ይችላል። ውሃ የሚያጥበው የሟሟውን ጨው ብቻ ነው። ከብናኙ ጋር የተጣበቀው የሚለቀው በካልሲየም ናይትሬት ውህድ ሲዘፈዘፍ ነው፤ አለዚያ ብናኙ ለተክሉ የተሰጠውን ካልሲየም ይወስዳል። ከመትከል በፊት ጥቂት የፌጦ ዘር ዘርቶ ማየት ቀላል መፈተኛ ነው።

ወጪ መቀነሻ

በጡብ መልክ የተጨመቀው ለማጓጓዝ ይቀላል፤ 5 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጡብ ውሃ ሲጠጣ ከ60 እስከ 75 ሊትር ያህል ይሆናል። ከብስባሽ ጋር መቀላቀል የማዳበሪያ ወጪን ይቀንሳል። ለመትከያ ከሥሩ የተበሳ አሮጌ ባልዲ ወይም ጆንያ ይበቃል። ኮኮፒት ቀስ ብሎ ስለሚበሰብስ ሥሩ ተለቅሞና ታጥቦ በድጋሚ ይተከልበታል፤ በሽታ የታየበት ግን ለሌላ ተክል አይውልም።