የግቢያችንን ወፎች ማን ጻፋቸው?

በ1789 ብሪታንያ ውስጥ አንድ መጽሐፍ ታተመ፤ በዓመቱ ደግሞ ሌላ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የመጀመሪያውን የጻፈው ጊልበርት ኋይት የተባለ የገጠር ቄስ ነው። ሴልቦርን በምትባል የእንግሊዝ መንደር ተወልዶ፣ አብዛኛውን ዕድሜውን እዚያው ኖሮ፣ እዚያው የተቀበረ ሰው ነበር። ሁለተኛውን የጻፈው በምጽዋ ገብቶ ጎንደር የከረመውና የዓባይን ምንጭ ፍለጋ የተንከራተተው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። ሁለቱም ስለ ወፎች ጽፈዋል። አንደኛው ከጓሮው አጥር ብዙም ሳይርቅ ያያቸውን ነው፤ ሌላው ባሕርና በረሃ አቋርጦ ያገኛቸውን። የኢትዮጵያ ወፎች ታሪክ ከዚያ ወዲህ ለረጅም ዘመን የተጻፈው በብሩስ መንገድ ነው። የኋይት መንገድ እኛ ዘንድ ገና አልተጀመረም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ኋይት የሠራው ሥራ ሲያዩት ቀላል ነው። ከ1751 አንሥቶ እስከሞተበት 1793 ድረስ ማስታወሻ ይይዝ ነበር። ምን እንደዘራ፣ ምን እንዳበበ፣ ዝናቡ ስንት እንደጣለ፣ ጅራተ መንታዋ ጨረባ በየትኛው ቀን እንደመጣችና በየትኛው ቀን እንደጠፋች ሁሉ ይጽፋል። በዚያ ዘመን እንግሊዞች እንደ አንድ ዓይነት የሚቆጥሯቸው፣ በጣም ትናንሽ የሆኑ፣ ወደ አረንጓዴ የሚያደሉ ወፎች ነበሩ። ኋይት ዜማቸውን እየለየ አዳመጠና በ1768 ሦስት የተለያዩ ዓይነቶች መሆናቸውን ጻፈ። መሣሪያው ጆሮው ነበር፤ ከጆሮው በላይ ደግሞ በየዓመቱ ወደዚያው ቁጥቋጦ መመለሱ።

ከሦስቱ አንዷ ቺፍቻፍ ትባላለች፤ ይህች ወፍ ለእኛ ሩቅ አይደለችም። በአውሮፓ ብርዱ ሲበረታ የደጋውን ኢትዮጵያ መክረሚያ ታደርጋለች። ወደ እኛ የሚመጡት ባብዛኛው ከምሥራቁ የአውሮፓ ክፍል የሚነሡት ናቸው እንጂ የሴልቦርን ልጆች አይደሉም፤ ዓይነቷ ግን ያችው ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ አዲስ አበባ ውስጥ ዛፍ ያለበት ግቢ ገብቶ ቆም ያለ ሰው፣ ከቅጠል ቅጠል እየዘለለች ትንኝ ስትለቅም ያያታል።

ኋይት አንድ ነገር አልሆነለትም። ጨረባዎቹ በአውሮፓ የብርድ ወራት የት እንደሚሄዱ እስኪሞት ድረስ እርግጠኛ አልነበረም፤ አንዳንዶቹ እዚያው አካባቢ ተደብቀው ይተኙ ይሆን እያለ ይጠራጠር ነበር። ከጓሮው ሆኖ ሊያየው የማይችለው ነገር ነበርና አይፈረድበትም። ጉዳዩ ማስረጃ ያገኘው በ1911 እንግሊዝ ውስጥ እግሯ ላይ ቀለበት የታሰረላት አንዲት ጨረባ በታኅሣሥ 1912 ደቡብ አፍሪካ፣ ናታል ውስጥ ስትያዝ ነው። በሁለቱ አገሮች መካከል ያለውን ሰማይ የሚያይ ሰው ቢኖር ኖሮ ጥያቄው ይህን ያህል ዕድሜ ባልኖረው።

ወደ ብሩስ እንመለስ። በ1770 ሊማሊሞን ሲወጣ አሽከሮቹ አናቱ ላይ ዐረፉና የተቀቀለ የፍየል ሥጋ ቀርቦላቸው ሜዳ ላይ ተቀመጡ። ያን ጊዜ አንድ ግዙፍ ወፍ፣ ከላይ ሳይወረወር፣ መሬት ለመሬት ዝቅ ብሎ ቀስ እያለ መጣ። እግሩን ድስቱ ውስጥ ከተተ፤ ፍላቱ ሲያቃጥለው ተወው። ከዚያ ገበታው ላይ የነበረውን አንድ እግርና አንድ ወርች በሁለት ጥፍሩ ቆንጥጦ ተነሣ። ጥቂት ቆይቶም ለሁለተኛ ጊዜ ተመለሰ። ብሩስ ጠመንጃውን ይዞ ይጠብቀው ነበርና በቅርብ ርቀት መትቶ ጣለው። ሲያነሣው እጁ በቢጫ ትቢያ ተሸፈነ፤ ብሩስም ይህን ሳያልፍ መዘገበ። አገሬው ንስር ወርቅ እንደሚለውም ጻፈ። ወፉ ጺም ያለው፣ አጥንት ከከፍታ ወደ ዓለት እየጣለ የሚሰባብረው አሞራ ነው። ይህ አሞራ ቀይ አፈር እየታጠበ የደረቱን ላባ እንደሚያቀልም ዛሬ ይታወቃል።

የብሩስ ዓይን ስል ነበር፤ በዚያ ማንም አይጠረጥረውም። ግን ወፉ የተጠናው ከሞተ በኋላ ነው፤ ብሩስም ጉዞውን ቀጠለ። ከእርሱ በኋላ የመጡትም ከዚህ የተለየ አላደረጉም። ሄንሪ ሶልት ከ1809 እስከ 1810 ባደረገው ጉዞ የሰበሰባቸው ወፎች በ1814 በታተመው መጽሐፉ ላይ ተገለጹ። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ እሬትና አበባ ባለበት ግቢ የማትጠፋው ትልቋ የአበባ ማር መጣጭ ወፍ ያኔ የተከዜን ስም በሳይንስ መዝገብ ተቀበለች። ጥድና ሾላ ባለበት ሰፈር በመንጋ እየጮኸች የምታልፈው አረንጓዴ ትንሽ በቀቀንም የታራንታን ተራራ ስም ያገኘችው በዚያው መጽሐፍ ነው። በ1830ዎቹ መጀመሪያ ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ስሜንንና ጎንደርን ዞሮ የሰበሰባቸው ናሙናዎች ወደ ፍራንክፈርት ሄዱ። በየቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ላይ የምትሰፍረው አንገተ ነጭ ርግብ፣ አፈ ወፍራሙ ቁራ፣ ጎህ ሲቀድ በየሰፈሩ የሚንጫጩት ረጅም ማንቁር ያላቸው ጥቋቁር ወፎች፣ ሁሉም ለዓለም ሳይንስ የተዋወቁት በሩፔል ብዕር ነው። እነዚህ ሦስቱ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ፣ ቢበዛ ከአጠገባቸው፣ ሌላ አገር የሌላቸው ወፎች ናቸው።

ይህ መንገድ ምን እንደሚያጎድል ያሳየው የጣሊያናዊው ልዑል የኤውጄኒዮ ሩስፖሊ ዕጣ ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ ሲጓዝ በ1893 ዝሆን ገደለው። ከስብስቡ መካከል ሳይንስ የማያውቃት አንዲት ውብ የጫካ ወፍ ተገኘች፤ በ1896ም በስሙ ተሰየመች። ግን ከየት እንደያዛት የጻፈው ነገር አልነበረም። ቆዳዋ አውሮፓ ደርሶ መኖሪያዋ ጠፋ! ዳግም የተገኘችው በ1940ዎቹ ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን ግን በዚያ ጫካ ዳር የሚኖሩ፣ ከብት የሚያግዱ፣ ማር የሚቆርጡ ሰዎች ነበሩ። ያችን ወፍ ሳያዩ ኖሩ ብዬ ለማመን ይከብደኛል። የጠየቃቸው የለም፤ የጻፈውም የለም።

አገሬው ወፍ አያይም ነበር ማለት ስሕተት ነው። በአክሱም ዘመን ከግሪክ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፊሳልጎስ የእንስሳትንና የአእዋፍን ጠባይ እያነሣ ሃይማኖት የሚያስተምር መጽሐፍ ነው። ቅዱስ ያሬድ ዜማውን የተማረው ከገነት በመጡ ሦስት ወፎች መሪነት መሆኑን ቤተ ክርስቲያን ትተርካለች። እነዚህ ወፍን እንደ መምህር የሚያዩ ናቸው። ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ ግን የማማው ልጅ ነው። ማሽላው እሸት ሲይዝ ወንጭፉን ይዞ ከንጋት እስከ ምሽት ማማ ላይ የሚውል ልጅ፣ ግሪሳው ከየት በኩል እንደሚመጣ፣ በየትኛው ሰዓት እንደሚበረታ፣ የትኛው ወፍ እህል እንደሚያጠፋና የትኛው ተባይ ለቅሞ እንደሚጠቅም ጠንቅቆ ያውቃል። ለእርሱ ወፍ ማየት የቤተሰብ እንጀራ ጉዳይ ነው። ብቅ ብሎ የሚጠፋን ወዳጅ «እንደ መስቀል ወፍ» የምንለውም ወፎች ወቅት እንዳላቸው አያቶቻችን ስላስተዋሉ ነው። ያ ሁሉ እውቀት ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ኖረ፤ ከቀንና ከቁጥር ጋር ወረቀት ላይ ሳይሰፍር ቀረ።

ወፍን ሳይገድሉ ማጥናት በምዕራቡም ዓለም ቢሆን የቆየ ልማድ አይደለም። ዛሬ የምናውቀው ዓይነት ባለ ፕሪዝም መነጽር በዛይስ ፋብሪካ ተሠርቶ ገበያ የወጣው በ1894 ነው። ኤድመንድ ሴሉስ ወፍን ከመግደል ይልቅ ተቀምጦ ማየትን የሰበከበትን መጽሐፍ በ1901 አሳተመ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ አሜሪካ ውስጥ ፍራንክ ቻፕማን አንድ ሐሳብ አቀረበ። በገና ዕለት ወንዶች በቡድን ተከፍለው ብዙ የገደለ የሚያሸንፍበት አደን ይካሄድ ነበር፤ ቻፕማን በዚያ ፈንታ እንቁጠር አለ። በመጀመሪያው ገና 27 ሰዎች ቆጠሩ። ያ ቆጠራ እስከ ዛሬ አልተቋረጠም። በብሪታንያ ደግሞ ከ1979 ጀምሮ ሰዎች በጥር መጨረሻ አንድ ሰዓት መስኮታቸው አጠገብ ተቀምጠው በግቢያቸው ያዩትን ወፍ ይመዘግባሉ። ማንም ልብ የማይላት የቤት ድንቢጥ በብሪታንያ ግቢዎች ቁጥሯ ከግማሽ በላይ መቀነሱ በግልጽ ከታየባቸው መዝገቦች አንዱ ይህ ነው። ብርቅ ወፍ ፍለጋ ተራራ የወጣ ተመራማሪ ይህን ሊያይ አይችልም ነበር። ያዩት ሻይ እየጠጡ ድንቢጥ የቆጠሩ ጡረተኞችና ተማሪዎች ናቸው።

በእኛም አገር የተሠራ ሥራ አለ፤ ለሠሩት ምስጋና ይገባል። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በ1966 ተመሠረተ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ኤሚል ኧርባን ከሌስሊ ብራውን ጋር ያዘጋጀው የኢትዮጵያ ወፎች ዝርዝር በ1971 በዚያው ዩኒቨርሲቲ ታተመ። በ1996 ማኅበሩ ለወፎች እጅግ አስፈላጊ የሆኑ 69 ቦታዎችን ለይቶ አሳተመ። የአገሪቱ ወፎች ከ850 ዓይነት በላይ መሆናቸው ዛሬ ይታወቃል። ሆኖም ይህ ሁሉ ሐይቁን፣ ጫካውንና ብሔራዊ ፓርኩን ያየ ነው። የሰፈሩን ወፍ፣ በአንድ ግቢ ከዓመት ዓመት ምን እንደመጣና ምን እንደቀረ፣ ማየት የሚችለው ግቢው ውስጥ የሚኖር ሰው ብቻ ነው።

የዚህ ክፍተት ዋጋ በጥንብ አንሳ ይታያል። ቄራ አካባቢ ያደገ የአዲስ አበባ ሰው ሰማዩን ሞልተው ይዞሩ የነበሩትን ጥንብ አንሳዎች ያስታውሳል፤ «ዛሬ የት ሄዱ?» ብሎም ይጠይቃል። በ2015 የሩፔልን ስም የያዘውን ጨምሮ በርካታ የአፍሪካ ጥንብ አንሳ ዓይነቶች በእጅጉ ለመጥፋት የተቃረቡ ተብለው ተመዘገቡ። ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ ለአውሬና ለውሻ ተብሎ የሚጣል የተመረዘ ሥጋ ነው፤ አንድ የተመረዘ በድን ብዙ አሞራ ይጨርሳል። ከ40 ዓመት በፊት አንድ የቄራ ልጅ በየቅዳሜው ስንት ጥንብ አንሳ ጣሪያው ላይ እንዳረፈ ደብተሩ ላይ አስፍሮ ቢሆን ኖሮ፣ ትዝታችን ማስረጃ ይሆን ነበር። ጥንብ አንሳ ከተማን ከበሽታ የሚጠብቅ ወፍ ነው፤ ሳይቆጠር መሄዱ ያንገበግበኛል።

ለመጀመር ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የተከዜዋን ወፍ እንውሰድ። ወንዱ ጥላ ውስጥ ሲያርፍ ጥቁር ይመስላል፤ ስለዚህ ብዙ ሰው ጥቁር ወፍ ብሎ ያልፈዋል። ፀሐይ ሲያገኘው ግን ራሱ እንደ ነሐስ ያበራል፣ ደረቱ ሐምራዊ ይሆናል፤ ከጅራቱ መካከል ሁለት ረጃጅም ላባዎች ወጥተው ይታያሉ። እሬቱ ላይ ተጣብቆ ቀጭን ቆልማማ ማንቁሩን አንድ በአንድ አበባው ውስጥ ይሰዳል፤ ሌላ ወንድ ሲመጣ መብሉን ትቶ ያባርራል። ሴቷ ደብዛዛ ቡናማ ናትና ሌላ ዓይነት ወፍ ትመስላለች። በረንዳ ላይ ቡና እስኪፈላ ባለው ጊዜ ይህን ሁሉ ማየት ይቻላል። ሣሩ ላይ ደግሞ እነዚያ ረጅም ማንቁር ያላቸው ጥቋቁር ወፎች በቡድን እየተራመዱ ትል ይቆፍራሉ፤ ሲነሡ ክንፋቸው ላይ ያለው ነጭ ይገለጣል፣ ጩኸታቸውም ሰፈሩን ያናውጣል። በመስከረም ማብቂያ ቢጫ ደረት ያላት፣ ጅራቷን የምትነቀንቅ መንገደኛ ከሰሜን ትደርሳለች። ከብት በሚግጥበት ሜዳ ፈልጓት።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ መስከረም ጀምረህ አንድ ደብተር ለዚህ ብቻ ለይ። አንቺም እንደዚያው። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ሰፈሩን፣ ያያችሁትን ወፍና ብዛቱን ጻፉ። ስሙን ካላወቃችሁ መልኩን፣ ማንቁሩን፣ አረማመዱንና ጩኸቱን ጻፉ፤ ስሙ በኋላ ይገኛል። ገጠር ያሉ ወላጆቻችሁ የሚጠሩበትን ስም ጠይቁና አብራችሁ አስፍሩ። መምህራን የትምህርት ቤታችሁን ግቢ ለተማሪዎች አካፍላችሁ በየወሩ አስቆጥሩ፤ መነጽር ባይኖርም ይቆጠራል። ደብተሩ ሲሞላ አትጣሉት፤ ለተፈጥሮ ታሪክ ማኅበሩ ወይም በአቅራቢያችሁ ላለው ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕይወት ክፍል ስጡት።